የሻሽ ከረጢት

«ዛሬ ካልሠራኸው እኔ እዚህ ቤት ሌላ ሌሊት አላድርም! በዚህ አቧራ ውስጥ ሰው እንዴት ይኖራል? ከመጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም!»

የእንግዳቸው የሠርክ ድምፅ ከጓሮው የሥራ ክፍል ተነሥቶ፣ ስሱን ግድግዳ አልፎ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። የውብዳር የሻይ ብርጭቆዎቹን እያጠበች ነበር። እዚህ ቤት ብርጭቆ ሳይጠጣበትም ጠዋት ጠዋት ይታጠባል፤ ማታ ንጹሕ ሆኖ የተደረደረ ዕቃ ሁሉ ሲነጋ የእንጨት ዱቄት ለብሶ ነው የሚገኘው። እጇን ከውሃው ሳታወጣ ጆሮዋን ቀሰረች። የባሏ መልስ አልዘገየም። «እሺ በቃ፣ ዛሬውኑ እሠራዋለሁ» አለ ዘርይሁን። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለችው ሠርክ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ ሳይሆን ሳቁ ነው አንጀቷን ያቃጠለው። የያዘችውን ብርጭቆ ውሃው ውስጥ ለቀቀችው፤ አልተሰበረም እንጂ ቢሰበርም ግድ አልነበራትም።

ስለዚህ አቧራ ስንት ጊዜ ለምናዋለች? ናይሮቢ ላይ ተገናኝተው ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ዘርይሁን በመሮና በመዶሻ ብቻ ነበር የሚቀርጸው፤ ፍቅፋቂው ትልልቅ ስለሆነ በመጥረጊያ ይሰበሰብና ለማገዶ ይሆን ነበር። የሸሚዙ የእንጨት ሽታም ያን ጊዜ ደስ ይላት ነበር። ነገሩ የተበላሸው ግራይንደር የሚሉትን፣ ጥርሳም ክብ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያሽከረክር ማሽን ከገዛ በኋላ ነው። ሥራው ፈጠነለት፣ ስሙም ወጣ፤ በላቪንግተን ያሉ ሀብታሞች ሳይቀሩ «ሐበሻው ፉንዲ»፣ ባለ እጁ ማለታቸው ነው፣ እያሉ ያስጠሩት ጀመር። ቤቱን ግን ቀይ ሰጋቱራ ዋጠው። ጨው ውስጥ ይገባል፣ ቅቤ ላይ ይጋገራል፣ ትራስ ላይ ይተኛል። በስፌት መኪናዋ የሰው ልብስ ስለምትሰፋ፣ ነጭ ቀሚስ ሰፍታ ሮዝ አድርጋ ያስረከበችበት ቀን አለ። በሩ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀለች፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ጠቀጠቀች፣ አልሆነም። «ዘርይሁን፣ እባክህ ለዚህ አቧራ አንድ ነገር አድርግለት» ትለዋለች፤ «እሺ» ይላል። ሳምንት ቆይታ ትደግምለታለች፤ «እሺ» ይላል፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እሺታው ከማሽኑ ጩኸት ጋር አብሮ ይጠፋል። በኋላማ መለመኑን ተወችው፤ ጥርሷን ነክሳ መጥረግ ብቻ ሆነ።

አሁን ሠርክ አንድ ጊዜ ጮኸችና ዛሬውኑ ሊሠራ ሆነ።

ሠርክ የዘርይሁን የጉለሌ አብሮ አደግ ናት። ነርስ ነበረች። ደርግ ጸሎት ቤታቸውን አሽጎ ሽማግሌዎቹን ሲያስር፣ ዘርይሁንና የውብዳር በየፊናቸው ቀድመው ወጡ፤ ሠርክ ግን ቆይታ ቆይታ፣ የዛሬ ወር ገደማ በሞያሌ በኩል ብቅ አለች። ያውም አንዲት ሻንጣ ይዛ፣ ጉንጯ ሟምቶ። የውብዳር ራሷ ናት አቅፋ ያስገባቻት፣ ከመኝታ ቤታቸው ጋር ግድግዳ የምትጋራዋን ትንሿን ክፍል ያነጠፈችላት። የውብዳር ክፉ ሰው አይደለችም። ነገር ግን እንግዳዋ ሥጋ ለበስ ስትልና ድምፅዋ ሲመለስ ዓይኗ ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። ሠርክ ባሏን «ዘሪ» ትለዋለች፤ የውብዳር እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። ገበታ ሲቀርብ ሠርክ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ትቀመጣለች፣ ሁልጊዜ በቀኙ። አንድ ነገር ልትነግረው ስትፈልግም ጠጋ ብላ፣ አፏን ጆሮው ሥር አድርጋ ነው የምትነግረው። እሱ ደግሞ ያን ጊዜ ፊቱ ይበራል፤ መልስ ይሰጣል፣ ይከራከራል፣ ይስቃል። ከሚስቱ ጋር እሺ ብቻ የሆነ ሰው!

ዘርይሁን ወጥ ቤት ገባ፤ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ቀይ ዱቄት ነበረበት። እንደ ልጅ ቸኩሏል። ወንዳፍራሽ የሚባለው ጓደኛቸው ሩንዳ ውስጥ የአንድ ዲፕሎማት ሾፌር ነው፤ ፈረንጆቹ የጣሉትን የምንጣፍ አቧራ መሳቢያ ማሽን አምጥቶ ሰጥቶት ነበር። ማሽኑ አምና ክረምት አልጋቸው ሥር የገባ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ የውብዳር ስትጠርግ በመጥረጊያዋ እየገጨችው ኖራለች። ዛሬ ግን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ከኮምፔርሳቶ ፊቱ ክፍት የሆነ ሳጥን እሠራለሁ» አላት በእጁ አየር ላይ እየሣለ። «እንጨቱን ሳጥኑ አፍ ላይ ይዤ ነው የምቀርጸው። ሞተሩ ከበስተ ጀርባ ይስባል፤ ከባዱ ፍቅፋቂ ባልዲ ውስጥ ይወድቃል፣ ደቃቁን ከረጢት ይይዘዋል። የሚገድለው ደቃቁ ነው፣ የማይታየው። ለከረጢቱ ጨርቅ ያስፈልገኛል፤ ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ፣ ውስጡ ጸጉር ነገር ያለው ጥጥ። ኢስሊ ሄደሽ ከዛራ ሱቅ ታመጪልኛለሽ? አንቺ ትሰፊዋለሽ።»

«ለዛሬ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እሺ» አላት፤ ጉንጯን በአቧራማ ጣቱ ነካ አድርጎ ወጣ።

የውብዳር ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች። በሥራ ክፍሉ መስኮት በኩል ስታልፍ፣ አቶ ባንታየሁ የሚባሉት የጉባኤው ሽማግሌ ያዘዙት አትሮንስ ጥግ ላይ ቆሞ ታያት። ኢትዮጵያውያኑ ምእመናን በተውሶ አዳራሽ ሲሰበሰቡ፣ ሰባኪው መጽሐፍ ቅዱሱን የሚያስቀምጥበት ስላልነበረ ያዋጡበት ነው፤ እሑድ ይመረቃል። ግንዱ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የመጨረሻውን ቨርኒሽ ተቀብቶ እንደ ውሃ ያበራል። የቀረው መጽሐፉ የሚያርፍበት የላይኛው ጣውላ ብቻ ነው። ሠርክ አጠገቡ ቆማ ሐረጉን እያየች፣ «እጅህን ጌታ ይባርከው ዘሪ» ስትል ሰማች። የውብዳር ያን ሐረግ ዘርይሁን ወረቀት ላይ ሲሥል ከአጠገቡ ቁጭ ብላ ያመሸች ሴት ናት። የግቢውን በር ከወትሮው አጥብቃ ዘጋችው።

ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከተማ ወርዳ ሌላ ማታቱ ያዘች። መንገድ ላይ ያ የለመደችው ሳል ተነሣባት፤ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት የሚመጣው፣ ሲጀምር የማያቆመው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ «ፖሌ ማማ»፣ አይዞሽ እናቴ፣ ብሎ መስኮቱን ከፈተላት። አመስግናው ፊቷን ወደ ውጪ አዞረች። ያየችው ግን መንገዱን አልነበረም፤ የሠርክን ከንፈርና የባሏን ጆሮ ነበር። «እኔ አቧራ ስበላ ሁለት ዓመት፣ እሷ አፍንጫዋን ስላሳከካት ሳጥን ይሠራላታል፤ ደግሞ ከረጢቱን የምሰፋላት እኔ!» እያለች ስትብሰለሰል ኢስሊ ደረሰች።

ዛራ የሞያሌ ሴት ናት። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን ነው የያዘችው፤ ጣቃ ላይ ጣቃ የተቆለለበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ሱቅ ነው። የውብዳርን ከሩቅ ስታያት ጀምራ «አንቺ፣ ከሳሽ እኮ! ባልሽ እንጨት ነው እንዴ የሚያበላሽ?» አለቻት። ነገሩን ስትሰማ ግን ወዲያው ነጋዴ ሆነች። ከላይ አንድ ወፍራም ቢጫ ጣቃ አውርዳ ጫፉን ዘረጋችላት።

«አፍሽ ላይ ለጥፊና ንፊበት» አለቻት። የውብዳር ነፋች፤ ትንፋሿ በግድ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። «አየሽ? አየሩ ይወጣል፣ አቧራው ይቀራል። የዱቄት ወፍጮ ያላቸው ሰዎች ይሄንን ነው የሚወስዱ። ያርዱ በአርባ ሺሊንግ፤ ላንቺ ሠላሳ አምስት።»

የውብዳር እጇ ጨርቁ ላይ ነበር፣ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ አረፈ። ከበሩ አጠገብ ነጭ ሻሽ ተሰቅሏል፤ ፀሐዩ አልፎበት ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ይታያል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። መጣ፣ ተቀመጠ፣ አልወጣም አለ። «ያንን ስጪኝ» አለች በጣቷ እያሳየች።

«ሻሹን? በዚህ እኮ ዱቄት እንኳ ይሾልካል! ለራስሽ ነው ወይስ ለከረጢቱ?»

«ለከረጢቱ።»

«ገንዘብ አንሶሽ እንደሆነ…»

«ገንዘቡ አይደለም» አለች የውብዳር፤ ዓይኗን ግን ከዛራ ዓይን አሸሸች።

ዛራ ሜትሯን አስቀመጠች። አየቻትና ሣቅ ብላ፣ «ሴት ናት» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። «ስሚኝ የኔ እናት፣ ባሌ በሕይወት እያለ ለጣውንቴ አዲስ ጣሪያ አስመታላት። እኔ ደግሞ የእኔም ያፈሳል ለማለት የራሴን ቆርቆሮ በምስማር በሳሁት። ሲዘንብ እሱ ጣውንቴ ቤት ደረቅ ላይ ተኝቷል።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «አድርጌዋለሁና አልቆጣሽም። ግን ወፍራሙን ውሰጂ።»

የውብዳር ሻሹን ገዛች። ከሱቁ ስትወጣ ጠቅልላ የያዘችው ነገር ከምንም አይከብድም ነበር። ከረጢቱ ለአንድ ሁለት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ አቧራው መሹለክ ሲጀምር ሠርክ አፍንጫዋን ይዛ ሌላ ቤት ትፈልጋለች፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አይደርስም፤ ብላ ለራሷ ነገረች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በጓሮ በር ገባች። የሥራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ ሳጥኑ ተመትቶ አልቋል፣ ሞተሩም ከበስተ ጀርባው ታስሯል። ዘርይሁን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወለል ወለሉን ያያል። ሠርክ በቀኙ ተንበርክካ አንድ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋለች፤ አፏ ጆሮው ላይ ነው። የምትለው አይሰማም። እሱ ግን የሚሰማው ነገር እንደ ከበደው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። የውብዳር አንድ ጊዜ ስታስል ሠርክ እጇን ከትከሻው አንሥታ ብድግ አለች፤ እሱም ተከትሏት ተነሣ። ከዚያ ሠርክ፣ «መጣሽ የውብዬ? ምሳ ሠርቻለሁ፤ ምስር ነው፣ ብዙ በርበሬ አላረግሁበትም፣ ደረትሽን…» ብላ ሳትጨርስ አቆመች። በእሷ ድስት፣ በእሷ ወጥ ቤት! የውብዳር «ጠግቤያለሁ» ብላ አልፋት ገባች።

የእጅ ስፌት መኪናዋን አውጥታ ሻሹን ዘረጋች። እስከዚህ ሰዓት ድረስ ልትመለስ ትችል ነበር፤ መሶብ መሸፈኛ ወፍራም ጨርቅ አልነበራት ይሆን? ነበራት። ግን የዚያች ሴት እጅ ከዓይኗ አልወጣም። መዘውሩን እንደ ወፍጮ አሽከረከረችው። ክፉ ነገር እየሠራችም እጇ ክፉ ስፌት መስፋት አልቻለበትም፤ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ አፉ ላይ ማሰሪያ አስገባችበት፣ ታቹን ደርባ መታችው። ተጠናቆ ሲያልቅ ለሙሽራ የሚሰፋ ነገር ነበር የሚመስለው። ዘርይሁን ተቀብሏት «ጎበዝ!» አላት፤ ጨርቁን በጣቱ እንኳ አላሸውም። እጁ ሙጫ ነበር፤ ደግሞ እሷ የሰፋችውን መርምሮ አያውቅም። ይህ እምነቱ ወጋ አደረጋት፤ ቢሆንም ከረጢቱን ለቀቀችለት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቨርኒሹ ያልደረቀ ሥራ ባለበት ክፍል ዘርይሁን ማሽን አያስነሣም ነበር። ዛሬ ግን በአዲሱ ሳጥን ተማምኖ አትሮንሱን ካለበት ጥግ አላነቃነቀውም። መስኮቱን ዘጋ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ጣውላውን ሳጥኑ አፍ ላይ አጋደመ። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ላይ ጮኹ። ከረጢቱ ተነፋ፣ ተወጠረ። ፍቅፋቂው እየተሳበ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዘርይሁን ፊት ለፊት ያለው አየር ጥርት እንዳለ ነው። ሠርክ እጇን አጨበጨበች። ዘርይሁን ወደ በሩ ዞር ብሎ የውብዳርን ፈልጎ አያት፤ ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ያዘ። የውብዳር በሩ ላይ ቆማ፣ እስኪ ሳይሾልክ ይቅር፣ ብላ ተመኘች፤ ስትመኘው ግን ጊዜው አልፏል።

በመስኮቱ መስታወት የገባው የከሰዓት ፀሐይ ከረጢቱ ላይ አርፎ ነበር። ከረጢቱ ያጨሳል። ከሻሹ ገላ ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ፣ ቀይ ዱቄት እንደ እንፋሎት ይወጣል፤ ኃይለኛው ሞተር እየገፋው ጣሪያ ደርሶ ይዘረጋና ቀስ እያለ ይወርዳል። ዘርይሁን ጀርባውን ሰጥቶታል። «አቁም! ዘሪ አቁም!» ብላ ሠርክ ጮኸች፤ እሱ ዘወርም አላለ። ሮጣ በቀኝ በኩል ዞራ ትከሻውን እስክትመታው ድረስ ክፍሉ በሙሉ ደፍርሷል። ማሽኖቹ ሲቆሙ የሚሰማው የውብዳር ሳል ብቻ ሆነ። የበሩን መቃን ይዛ ልትቆም ሞከረች፣ አልቻለችም፤ በጉልበቷ ወደቀች። ሳሉ ትንፋሽ ከለከላት። ሠርክ በብብቷ ገብታ፣ ግማሽ ተሸክማ ግማሽ እየጎተተች ጓሮ አወጣቻት፤ ውሃ አስጎነጨቻት፣ ጀርባዋን እያሸች «ቀስ… በአፍንጫሽ… ቀስ የኔ ቆንጆ» አለቻት። ያ እጅ ጀርባዋ ላይ ሲዞር የውብዳር ልትገፋው ፈለገች፤ ጉልበት አልነበራትም።

ዘርይሁን ከረጢቱን ፈትቶ ይዞት ወጣ። ከበስተ ኋላው፣ በተከፈተው በር፣ አትሮንሱ ይታያል፤ ያ ውሃ የመሰለ ቨርኒሽ በርበሬ እንደተነሰነሰበት ሆኗል። ሰውየው ጨርቁን በሁለት ጣቶቹ መሃል አሸው።

«የውብ፣ ይሄ እኮ ሻሽ ነው።»

«አዎ።»

«ምነው፣ ወፍራም አጥተሽ ነው?»

መውጫ በር እየከፈተላት ነበር። አጣሁ ብትል ያልቅ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ «አግኝቼ ነበር» አለችው፤ ድምፅዋ ከሳሉ ብዛት ሹክሹክታ ሆኗል። «አግኝቼ ተውኩት። እኔ ሁለት ዓመት ስለምንህ ያልሰማኸኝን፣ ለእሷ በአንድ ጠዋት ሠራህላት። የምትፈልጋት እሷን ከሆነ ንገረኝ። ልሂድልህ?»

ዘርይሁን አፍ አፏን አየ። ራሱን ነቅነቅ አደረገ። «እሺ» አላት።

የውብዳር ፊቷ ደም አጣ። ሠርክ ግን ከተቀመጠችበት ተነሥታ በጥፊ ልትለው የደረሰች መሰለች። «ምኑን ነው እሺ የምትል? ምን እንዳለችህ ታውቃለህ? ልሂድልህ ወይ እኮ ነው ያለችህ! አልሰማሃትም! ንገራት በቃ፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ!»

ከጎረቤት የኪስዋሂሊ ዜና ከሬዲዮ ይሰማል። ዘርይሁን ከረጢቱን መሬት አስቀመጠና የሥራ ክፍሉ ደፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አለ። «ጭራሹን። ቀኙም ቢሆን ጠጋ ካላሉኝ ይደባለቅብኛል። ማሽኑ ነው የበላው። አንቺ ደግሞ ስትናገሪ ድምፅሽ ዝግ ያለ ነው… አንዱን ቃል እይዝና ሌላው ያመልጠኛል። እንደገና በዪኝ ማለት ሲከብደኝ እሺ እላለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው የውብዳር።

ይህንንም አልሰማውም፤ ሠርክ ጮክ ብላ ደገመችለት። «ከተጋባን ትንሽ ቆይቶ» አለ። «ፉንዲው ደነቆረ ከተባለ ማን ሥራ ያዘኛል? አንቺም ብትሆኚ… ያገባሽው ሙሉ ሰው መስሎሽ ነው።»

ሠርክ ከየውብዳር አጠገብ ተቀመጠች። «እኔ ነርስ ነኝ፣ በሁለት በሦስት ቀን ነው የነቃሁበት። ሌላው ደግሞ የውብዬ፣ እንቅልፍ የነሣኝ አቧራው አይደለም። ሳልሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል እሰማሻለሁ። እሱ በሚሰማው ጆሮው ላይ ተኝቶ ያድራል፣ አይሰማሽም። ዛሬ ስትመጪ የነገርኩት ይህንን ነበር። በአቧራ ሳምባዋን ነው የምታስበላት፣ ሐኪም ቤት ውሰዳት አልኩት። አለቀሰ። ሰው ከሆንሽ እይው፣ ዓይኑ አሁንም ቀልቷል።»

የውብዳር አላየችውም። እፎይ ማለት የነበረባት አሁን ነበር፤ የጠረጠረችው ሁሉ ከንቱ ሆኖ፣ ሳጥኑ ለራሷ ሲባል የተሠራ ሆኖ። እፎይታው ግን አልመጣም። ሌላ ነገር መጣ፤ ከበፊቱ የጠለቀ። አብራው ሁለት ዓመት ተኝታ ያላወቀችውን ይህች ሴት በሦስት ቀን አወቀችው። የእሷን የራሷን ሳል እንኳ ለባሏ የነገረችው ይህች ሴት ናት። ሲያለቅስ ያየችው እሷ ናት። ባላጠፋች ሰው ላይ መቅናት ባጠፋች ላይ ከመቅናት ይልቅ እንዴት እንደሚከብድ የውብዳር ያን ቀን አወቀችው፤ ቅናቷን የምትጥልበት ቦታ የላትማ።

ሥራው ግን አልጠበቃቸውም። ዘርይሁን ቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ አመጣ፤ ሦስቱም አትሮንሱን ከበው ያልደረቀውን ቨርኒሽ በጨርቅ ጠረጉት። ሐረጉ መሃል የገባውን ዱቄት የውብዳር በመርፌ ጫፍ እየጫረች አወጣች፤ ሠርክ የብርጭቆ ወረቀት እየቀደደች አቀበለች። ዘርይሁን አንድ ጊዜ የውብዳርን እጅ ይዞ መርፌዋን ወደ ሌላኛው ቅጠል መራት፤ ለጥቂት ጊዜ እጁን ሳያነሣ ቆየ። እሷም አልነጠቀችውም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እንጨቱ እርቃኑን ቆመ፤ ሳሎን ወስደው በንጹሕ አንሶላ ከደኑት። ነገ አዲስ ቨርኒሽ ይቀባል፣ እሑድ ይደርሳል።

ሠርክ ወጥ ቤት ውስጥ እጇን እየታጠበች፣ ማንንም ሳታይ፣ «እኔ ነገ ጌጤ ቤት ብሄድ ይሻላል መሰለኝ» አለች። ጌጤ ብቻዋን የምትኖር የጉባኤያቸው ሴት ናት። «አልጋ አለኝ ብላኛለች። አቧራው ለእኔም አልተስማማኝም።» አቧራው እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ዘርይሁን የሚስቱን ፊት አየ፤ የሚስቱ ፊት የምታጥበው ሰሐን ላይ ነበር። ሠርክ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች፤ ወዲያው ሻንጣ ከአልጋ ሥር ሲጎተት ተሰማ።

የውብዳር አንዱን ሰሐን ደጋግማ አጠበችው። ትሂድ፣ አለች በልቧ፤ ገበታው ላይ ቀኙ ባዶ ይሁን፣ ዘሪ የሚል አይኑር። ጌጤ ቤት አይርባትም፣ አይበርዳትም። የበደልኳት ነገር ይቆጠራል ወይ? አልገፋኋት፣ ውጪ አላልኳት። እንዲህ እያለች ሳለ ጀርባዋ ላይ የዞረው ያ እጅ ታወሳት። ሰው አገር፣ ዘመድ የሌላት ሴት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሌላ ሰው ሳል ስትቆጥር ያደረች ሴት፣ አሁን ሻንጣዋን ትሸክፋለች። አፏ ላይ የደረሰውን ቃል ውጣ ልታስቀረው ሞከረች። አልዋጥ ሲላት አወጣችው፤ ግን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ውሃው ጎንበስ ብላ፣ ነፍሷ ተናግሬያለሁ እንድትልና ጆሮ ያለው እንዳይሰማት አድርጋ። «ትቆይ» አለች።

ዘርይሁን ከኋላዋ ሰሐን እያደረቀ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ራሱን ሊነቀንቅ ሲል አቆመ። ፎጣውን አስቀምጦ ቀረባት፤ ቀኝ ጆሮውን ወደ አፏ አዞረ፤ ከማፈሩ የተነሣ ጆሮው ራሱ ቀልቶ ነበር።

«አልሰማሁሽም የውብ። ምን አልሽ? ድገሚልኝ።»

ሌላ ነገር ልትለው ትችል ነበር። ራት ደርሷል፣ ሳሙና አልቋል፣ መብራቱን አብራው። ሰውየው ግን እየጠበቃት ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ጠብቋት አያውቅም። የውብዳር አየር ሳበች፣ ደረቷ ሲር አለ።

«ሠርክ ትቆይ አልኩ!»

ድምፅዋ ለራሷ ሳይቀር እንግዳ ሆነባት። ግድግዳውን አልፎ ሄደ፤ በወዲያኛው ክፍል የሻንጣው ድምፅ ቆመ። ዘርይሁን እሺ አላለም። «እኔ ምን አገባኝ? ለእሷ ንገሪያት እንጂ» ብሎ በሩን ከፈተላት፤ የውብዳርም እጇን ሳታደርቅ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ወደ ትንሿ ክፍል ሄደች።